ከፍ ያለ ድምፅ በጉልበት አይወጣም፤ ስለ ዘፈንና ዝማሬ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጥር ሲመጣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ድምፁ የተዘጋ ሰው ይበዛል። ጥምቀቱ በጥር ነው፤ ሠርጉም በጥር ነው። ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ፣ ከአንኮበር እስከ አረርቲ ወጣቱ ሲዘፍንና ሲዘምር ያድራል። በማግስቱ ሰላምታ የሚመልሰው በእጁ ነው። «ድምፁ እስኪጠፋ ዘፈነ» ማለት ሙገሳ ሆኗል። እኔን ግን ያሳዝነኛል። የምሠራው ከወጣት መዘምራንና ከባህል ኪነት ልጆች ጋር ነው። ከፍ ያለውን ድምፅ፣ ጩኸቱን ሳይሆን ዜማው ወደ ላይ የሚወጣበትን ማለቴ ነው፣ ጉሮሮን ሳይጎዱ ማውጣት እንደሚቻል በየጊዜው አያለሁ። ልጆቹን የሚያስቸግራቸው ብዙ ጊዜ የድምፅ ማነስ ሳይሆን ከዚህም ከዚያም የሰሙት ምክር ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«ከፍ ላለ ድምፅ ብዙ አየርና ብዙ ጉልበት ያስፈልጋል»

ሌሎቹ ስህተቶች አብዛኞቹ የሚወለዱት ከዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ማንቁርታችን ውስጥ የድምፅ አውታር የምንላቸው ሁለት ትናንሽ እጥፋቶች አሉ። ርዝመታቸው አዋቂ ወንድ ላይ በግምት ከ17 እስከ 25 ሚሊ ሜትር፣ ሴት ላይ ከ12 እስከ 17 ሚሊ ሜትር ነው። ከሳንባ የሚወጣው አየር በመካከላቸው ሲያልፍ ይርገበገባሉ። ወንድ ሲያወራ በሰከንድ ከ100 እስከ 130 ጊዜ ያህል ነው። ሴት ስታወራ 200 ጊዜ አካባቢ ይደርሳል። ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ ቁጥሩ 400 እና 500 ይሆናል፤ በጣም ቀጭን ድምፅ ያላቸው ሴቶች ከ1,000 ያልፋሉ።

አውታሮቹ ይህን ያህል የሚፈጥኑት አየር ስለገፋቸው አይደለም። ስለተለጠጡና ስለቀጠኑ ነው። ክራር የሚቃኝ ሰው ጅማቱ ቀጭን ድምፅ እንዲሰጠው ሲፈልግ በኃይል አይመታውም፤ ያከርረዋል። ማንቁርትም ይህን የማክረር ሥራ የሚሠራለት የራሱ ጡንቻ አለው። እኛ ከታች አየር በገፋን ቁጥር ግን አውታሮቹ አየሩን ለማገድ እርስ በርስ ይጫናሉ። የአንገት ጡንቻዎች ሊያግዙ ይመጣሉ። ማንቁርት ወደ ላይ ይሸሻል። የአንገት ሥር የሚገተረው፣ ፊት የሚቀላው ያኔ ነው። ድምፁ ቢወጣ እንኳ ይሻክራል፣ ቶሎም ይደክማል።

የሚያስፈልገው አየር ትንሽና ያልተቆራረጠ ነው። ስትተነፍሱ ትከሻችሁ አይነሣ። የታችኛው ጎድንና ሆድ ይስፋ። ከዚያ ጎድናችሁ ወዲያው እንዳይከደን ያዝ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ልቀቁት። መልመጃው ቀላል ነው። «ስስስ» እያላችሁ አየሩን እኩል ልቀቁ፤ መጀመሪያ ላይ ፈስሶ መጨረሻው ላይ እንዳያልቅ። ልጆቹን የምፈትንበት ዘዴም አለኝ። የሚያስቸግራቸውን ከፍታ በግማሽ ድምፅ እንዲያወጡት እጠይቃለሁ። ጮኸው ብቻ የሚያወጡት ከሆነ ገና አልያዙትም ማለት ነው።

አናባቢም ልብ ይባል። «ኢ» እና «ኡ» አፍን ያጠባሉ። ዜማው ሲወጣ «ኢ»ን ትንሽ ወደ «ኤ»፣ «ኡ»ን ትንሽ ወደ «ኦ» አስጠጉ፣ መንጋጋችሁንም ዝቅ አድርጉ። አድማጩ ቃሉን ያለችግር ይሰማዋል። እናንተም ትገላገላላችሁ።

«ከፍ ስትል አንገትህን ቀና አድርግ»

አገጭ ወደ ላይ ሲወጣ የጉሮሮ ፊት ይወጠራል። ማንቁርትም በነፃነት መንቀሳቀስ ያቅተዋል። አንገት ከጀርባ ጋር ቀጥ ይበል፤ ዓይን ፊት ለፊት ይይ። መስታወት ፊት ለሁለት ደቂቃ ብትለማመዱት ልዩነቱን ራሳችሁ ትሰሙታላችሁ።

«ወንድ በቀጭን ድምፅ አይዘፍንም»

መንዝ ውስጥ ይህ አመለካከት ጠንካራ ነው። ከፉከራና ከቀረርቶ ጋር ያደገ ልጅ፣ የወንድ ድምፅ ከደረት ካልወጣ ወንድ አይመስለውም። ስለዚህ ወፍራሙን የንግግር ድምፁን እየገፋ ወደ ላይ ይወስደዋል። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰበራል።

እውነታው ግን እያንዳንዱ ሰው፣ ወንድም ሴትም፣ ወፍራምም ቀጭንም ድምፅ አለው። በወፍራሙ ጊዜ አውታሩ በሙሉ ውፍረቱ ይርገበገባል። በቀጭኑ ጊዜ በአብዛኛው ጠርዙ ብቻ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት መሸጋገሪያ አለ፤ ድምፅ የሚሰበረውም እዚያ ላይ ነው። ለዚህ ከፍ ካለው ቀጭን ድምፅ ተነሥቶ ቀስ እያሉ ወደ ታች መውረድ ይጠቅማል። ብዙ ሰው ከታች ወደ ላይ ብቻ ስለሚለማመድ ክብደቱን ይዞት ይወጣል። ከላይ ወደ ታች ሲለማመድ ግን መሸጋገሪያው ቀስ በቀስ ይለሰልሳል። ቀረርቶ የሚያወጡ ጎበዝ ሰዎችን ልብ ብላችሁ ስሙ። ረዥሙን ከፍታ የሚይዙት ቀለል አድርገው ነው።

«ብርድ ነው ድምፄን የዘጋው»

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ስለዚህ ድምፅ ሲዘጋ ጥፋተኛው ወዲያው ብርድ ይሆናል። ግማሹ እውነት ነው። ብዙውን ጊዜ ድምፅን የሚዘጋው ጉንፋን ነው፤ ቫይረስ አውታሮቹን ያሳብጣቸዋል። ያበጠ አውታር እንደ ልብ አይለጠጥም። በጉንፋን ላይ ከፍ ያለ ዜማ የሚገፋ ሰው በአውታሩ ውስጥ ደም ሊፈስበትም ይችላል።

ብርዱ ራሱ የሚጎዳው በድርቀት በኩል ነው። አየር ሲቀዘቅዝ የሚይዘው እርጥበት ያንሳል። አፍንጫ አየሩን አሙቆና አርጥቦ ወደ ውስጥ ይልካል። ስንዘፍን ግን በአፍ ነው የምንስበው። እዚያ ላይ የሠርግ ዳስ የከሰልና የእንጨት ጭስ ይጨመርበታል። ከጣርማ በር ወርደው ሸዋ ሮቢት የዘፈኑ ልጆች «ቆላ ድምፅ ይከፍታል» ይላሉ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ናት፤ አየሩ ሞቃትና ለመተንፈስም ቀለል ያለ ነው። ነገር ግን በበጋ እዚያም አየሩ ደረቅ ነው። ቆላ የወረደ ዘፋኝ ድርቀቱ ስለማይታወቀው ውኃ ይረሳል።

በደጋ ሌሊት ስትወጡ ጋቢያችሁን እስከ አፍንጫችሁ ሳቡት፤ የትንፋሻችሁን እርጥበት መልሶ ይሰጣችኋል። በዘፈኖች መካከል በአፍንጫ ተንፍሱ። ከጭሱ ራቅ ብላችሁ ቁሙ።

«ማርና ዝንጅብል አውታሩን ያለሰልሰዋል»

የምንውጠው ነገር በድምፅ አውታር ላይ አያልፍም። ቢያልፍ ትን ይለን ነበር። ማር፣ ዝንጅብል፣ ዳማከሴ፣ ለጋ ቅቤ ሁሉም የሚወርዱት በምግብ ቧንቧ ነው። ትኩስ መጠጥ ጉሮሮን ያረጋጋል፣ ደስ ይላል፣ ጠጡት። አውታሩ ጋ በቀጥታ የሚደርሰው ግን እንፋሎት ብቻ ነው።

ውኃም የሚሠራው በደም በኩል ዞሮ ነው። መድረክ ላይ ከመውጣት በፊት አንድ ጠርሙስ መጨለጥ ብዙም አይረዳም። ቀደም ብሎ፣ ከዋዜማው ጀምሮ መጠጣት ነው። ይህ በተለይ ማኅሌት ለሚቆሙ ያስፈልጋል። ሌሊቱን ሙሉ ቆመው፣ ውኃ ሳይቀምሱ እስከ ቅዳሴ የሚዘልቁ ናቸውና ማታ ላይ በደንብ ጠጥተው ይግቡ። የማኅሌት ሥርዓት አንድ ትልቅ ጥበብ ይዟል። መዘምራኑ በቀኝና በግራ ተከፍለው ይቀባበላሉ፤ አንዱ ወገን ሲያዜም ሌላው ያርፋል። የሠርግ ዘፈን አቀንቃኞችም ሁለት ሦስት ሆነው ቢፈራረቁ ማንም አይጎዳም።

«አረቄ ድምፅ ይከፍታል»

አረቄ በኛ አገር ስሙ የታወቀ ስለሆነ ይህን የሚናገር አይጠፋም። አረቄ የሚከፍተው ድፍረትን ነው። ሰውነትን ያደርቃል፣ የጉሮሮ ደም ሥሮችን ያሰፋል። ከሁሉ የሚከፋው ሕመም እንዳይሰማን ማድረጉ ነው። ጉሮሮ ሲያም «ተው» እያለ ነው። ያ ምልክት ሲጠፋ ሰው ያለ ልክ ይጮኻል። ሚንት ከረሜላና የሕመም ማስታገሻም እንደዚሁ ናቸው። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደግሞ ደም በቀላሉ እንዲፈስ ስለሚያደርጉ ከዘፈን በፊት አይመከሩም።

«ካልጮህኩ አልሰማም»

ጫጫታ ውስጥ ሰው ሳያውቀው ድምፁን ይጨምራል። ከበሮው አጠገብ የቆመ አቀንቃኝ ራሱን ስለማይሰማ ይጮኻል፤ አድማጩ ግን በደንብ እየሰማው ነው። ከከበሮው ሁለት ሦስት እርምጃ ራቁ። አንድ እጃችሁን ከጆሯችሁ ኋላ አጥፋችሁ ያዙ። ማይክሮፎን ካለ ድምፅ የሚያጎላው እሱ ነው፤ የእናንተ ሥራ ማዜም ብቻ ነው።

«ዜማውን ዝቅ አድርጎ መጀመር ሽንፈት ነው»

ይህ አመለካከት ያበሳጨኛል። የትዝታ ቅኝት ከየትኛውም ከፍታ ቢጀመር ትዝታ ነው። ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺሆዬም እንዲሁ። ቅኝቱ የሚታወቀው በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ነው። የማሲንቆዋን አንድ ጭራ ላላ ማድረግ ደቂቃ አይፈጅም። ክራሩም ይቃኛል፤ ኪቦርዱም ለዚህ የተሠራ ቁልፍ አለው። መሣሪያው ለዘፋኙ ይገዛ እንጂ ዘፋኙ ለመሣሪያው ጉሮሮውን አይስጥ። ልምምድ ላይ ከሁሉ በላይ ያለውን ድምፅ ፈልጉ። እሱን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግማችሁ ያለሕመም ካወጣችሁት መነሻው ልክ ነው። ካልሆነ አንድ ደረጃ አውርዱት።

«ድምፅ የሚሞቀው እየዘፈኑ ነው»

ከዘፈን በፊት አሥር ደቂቃ ይበቃል። አፍ ዘግቶ «ምምም» እያሉ ማንጎራጎር፣ ከንፈርን እያርገበገቡ ድምፅ ማውጣት ጥሩ ነው። ከሁሉ የምወደው የስትሮው መልመጃ ነው። ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ስትሮ ከትታችሁ፣ ውኃውን እያንፈቀፈቃችሁ «ኡ» በሉ። ከታች ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ውጡ። ከስትሮው የሚመለሰው ግፊት አውታሮቹ በኃይል ሳይጋጩ እንዲርገበገቡ ያግዛል።

«በልጅነቱ ያወጣው የነበረ ልጅ ጎርምሶም ያወጣል»

ሰንበት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ይህ ብዙ ልጅ ይጎዳል። ወንድ ልጅ በአብዛኛው ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ባለው ጊዜ ማንቁርቱ በፍጥነት ያድጋል። አውታሮቹ ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉ። ትናንት ያወጣው የነበረውን ከፍታ ዛሬ ያጣዋል። አሠልጣኙ «ሰነፍክ» ይለዋል፤ ልጁም ይገፋል። ልጁ አልሰነፈም። ዝቅ ያለውን መሥመር ስጡት፣ አጭር አጭር ይዘምር። አታባርሩት፣ አታሳፍሩትም። የሚያልፍ ጊዜ ነው።

«ድምፅ ሲዘጋ በሹክሹክታ ማውራት ያሳርፋል»

ሹክሹክታ ብዙ ሰው ላይ ማንቁርትን ያጨናንቃል። ማውራት ግድ ከሆነ ዝቅ ባለ ተራ ድምፅ ጥቂት ማውራት ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ዝምታ ነው። «እህህ» እያሉ ጉሮሮ መጥረግም አውታሮቹን ያጋጫል፤ በምትኩ ምራቅ ዋጥ አድርጉ።

«ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ምንም አይደል»

ከአንድ ሠርግ በኋላ ለሁለት ቀን መጎርነን ይድናል። በየሳምንቱ ከሆነ ግን አውታሩ ጠርዙ ላይ ትናንሽ እብጠቶች ሊያበቅል ይችላል። ካንሰር አይደሉም። ቀድሞ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ በዕረፍትና በድምፅ ልምምድ ይሻሻላሉ፤ ቢላዋ የሚያስፈልጋቸው ጥቂቶቹ ናቸው። ሰው ግን «ቢላዋ ነው» ብሎ ፈርቶ ይደብቃል።

ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ መጎርነን ከአንገት በላይ ሐኪም መታየት አለበት። በድንገት፣ እየዘፈኑ ሳለ ድምፅ ጥፍት ካለ፣ ደም የቀላቀለ አክታ ካለ ወይም መዋጥ ካስቸገረ ሦስት ሳምንቱም አይጠበቅም። ምርመራው አጭር ነው፤ ሐኪሙ በአፍንጫ ወይም በአፍ በኩል በቀጭን ካሜራ አውታሮቹን ያያል። ስትሄዱ ዘፋኝ ወይም ዘማሪ መሆናችሁን ንገሩት። የትኛው ከፍታ ላይ ድምፁ እንደሚጠፋ፣ ጠዋት ይብስ እንደሆነ፣ ማታ በልታችሁ ወዲያው ትተኙ እንደሆነም ንገሩት፤ ከጨጓራ የሚመለስ አሲድም አውታሩን ያቃጥላልና።