የቱሪንግ ፈተና ምን ይለካል?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ሻይ የሚጠጡ ተማሪዎች «የቱሪንግን ፈተና ያለፈ ማሽን ያስባል» ብለው ሲከራከሩ ሰማሁ። ፈተናው እንዲህ አይልም። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አላን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1950 «ማሽን ያስባል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ለክርክር የማይበቃ ብሎ በጨዋታ ተካው፤ ዳኛው ከማያያቸው አንድ ሰውና አንድ ኮምፒውተር ጋር በጽሑፍ ብቻ ይነጋገራል፤ ሰውየውን ለይቶ ማወቅ ከተሳነው ማሽኑ አለፈ ይባላል። የሚመዘነው ንግግሩ ብቻ ነው። ስለ ድሬዳዋ ሙቀት አሳምሮ የሚጽፍ ፕሮግራም ላብ አያውቅም።

እኔን ይልቅ የሚያሳስበኝ የዳኛው የዋህነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ይፋ የሆነው ኤሊዛ የሰዎችን ቃል መልሶ በጥያቄ መልክ ከማቅረብ ብዙም የማያልፍ ፕሮግራም ነበር፤ ሆኖም የልባቸውን ምሥጢር ያጫወቱት ሰዎች አልጠፉም።