የክላንግ መሣሪያዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሲ እና በሲ++ የተጻፈ ኮድን ለመመርመር፣ ለማስተካከል እና መልሶ ለማደራጀት ዛሬ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች ብዙዎቹ የተገነቡት ክላንግ በተባለው ኮምፓይለር (የተጻፈን ኮድ ኮምፒውተር ወደሚፈጽመው መልክ የሚቀይር ፕሮግራም) ላይ ነው። ክሪስ ላትነር እና ቪክራም አድቬ እ.ኤ.አ. በ2000 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኤልኤልቪኤም የተባለውን የኮምፓይለር መገንቢያ ፕሮጀክት ጀመሩ፤ አፕል ደግሞ በዚሁ መሠረት ላይ የሠራውን ክላንግን በ2007 ምንጩን ለሁሉም ክፍት አደረገው። ክላንግን ከቀደሙት ኮምፓይለሮች የለየው ዋና ነገር ክፍሎቹ ተነጣጥለው ሌሎች ፕሮግራሞች ሊጠቀሙባቸው እንዲችሉ ሆኖ መሠራቱ ነው። የኮድን አሰላለፍ የሚያስተካክለው ክላንግ-ፎርማት፣ ስህተት የሚፈልገው ክላንግ-ታይዲ እና ኮድ መጻፊያ ፕሮግራሞችን የሚያግዘው ክላንግዲ የዚህ አሠራር ውጤቶች ናቸው። ስለ እነርሱ የሚነገሩት አብዛኞቹ የተሳሳቱ ነገሮችም፣ በእኔ እምነት፣ እያንዳንዱ መሣሪያ ከኮዱ ምን ያህሉን እንደሚያይ ካለመለየት የመጡ ናቸው።

«ክላንግ-ፎርማት ኮዱን እንደ ኮምፓይለሩ ይረዳዋል»

አይረዳውም። ክላንግ-ፎርማት ከኮምፓይለሩ የሚወስደው በዋናነት ጽሑፉን ወደ ቃላትና ምልክቶች የሚከፋፍለውን ክፍል ብቻ ነው። ሄደር ፋይሎችን (ሌሎች ፋይሎች የሚያስገቧቸውን የማወጃ ፋይሎች) አይከፍትም፤ ማክሮዎች (ከመኮምፓይል በፊት በሌላ ኮድ የሚተኩ ስሞች) በምን እንደሚተኩ አያጣራም፤ የአንድ ስም ዓይነት ምን እንደሆነም አያውቅም። ለምሳሌ «ሀ * ለ;» የሚል መስመር ሲያጋጥመው፣ ሀ የዓይነት ስም ከሆነ ለ ጠቋሚ ሆኖ እየታወጀ ነው፤ ሀ ተለዋዋጭ ከሆነ ግን መስመሩ ማባዛት ነው። ኮምፓይለሩ ይህን በእርግጠኝነት ይለያል፤ ክላንግ-ፎርማት ግን በዙሪያው ካሉት ምልክቶች ተነሥቶ ይገምታል፤ በኮከቡ ግራና ቀኝ የሚተወው ክፍተትም በዚሁ ግምት ይወሰናል። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ምርጫ ነው፤ ምክንያቱም ገና ያላለቀ ወይም የማይኮምፓይል ኮድን ጭምር፣ ጸሐፊው እየጻፈ ሳለ በቅጽበት ማስተካከል የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው።

«ፎርማት ማድረግ የኮዱን ትርጉም ፈጽሞ አይለውጥም»

ይህ አመለካከት ብዙ ጊዜ እውነት በመሆኑ አደጋው ይደበቃል። የኤልኤልቪኤም የአጻጻፍ ስልት ሲመረጥ ክላንግ-ፎርማት ተከታትለው የተጻፉ፣ ሄደር ፋይሎችን የሚያስገቡ የ«ኢንክሉድ» መስመሮችን በፊደል ቅደም ተከተል ያሰልፋል። በዊንዶውስ ላይ የኔትወርክ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ግን «ዊንሶክ2» የተባለውን ሄደር «ዊንዶውስ» ከተባለው ሄደር አስቀድሞ ማስገባት አለበት፤ አለበለዚያ ኋለኛው የድሮውን የዊንሶክ ትርጓሜ ይዞ ስለሚገባ ሁለቱ ይጋጫሉ። በላቲን ፊደል ቅደም ተከተል የሚቀድመው «ዊንዶውስ» ነውና፣ በትክክል ይሠራ የነበረ ፋይል ከፎርማት በኋላ መኮምፓይል ሊያቆም ይችላል። ሁለቱን መስመሮች በባዶ መስመር መለየት ወይም ያን ክፍል መሣሪያው እንዳይነካው በማብራሪያ መስመር ማገድ ችግሩን ይፈታዋል።

ባዶ ክፍተት እንኳ ሁልጊዜ ትርጉም የለሽ አይደለም። አንድ ማክሮ የተሰጠውን ኮድ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ከሆነ፣ በቃላቱ መካከል የገባ ወይም የወጣ ክፍተት በውጤቱ ጽሑፍ ላይ ይታያል። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጡት 14ኛው እና 15ኛው እትሞች፣ «ኮንስት» የተባለውን (እሴት እንዳይቀየር የሚያደርገውን) ቃል ቦታ የሚያዘዋውሩ እና የጎደሉ ቅንፎችን የሚጨምሩ አማራጮች ገብተዋል። መሣሪያው የተሟላ የትርጉም መረጃ ስለሌለው እነዚህ አማራጮች ኮዱን ሊያበላሹ እንደሚችሉ የክላንግ ሰነድ ራሱ ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያውን ሳያነቡ ማብራት ተገቢ አይደለም።

በኮዳቸው ውስጥ በአማርኛ ማብራሪያ የሚጽፉ ባለሙያዎች ደግሞ ሌላ ስጋት ሊኖራቸው ይችላል። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ የ80 ዓምድ የመስመር ርዝመት ገደብ በ27ኛው ፊደል ላይ ያልቃል የሚል ነው። ስጋቱ መሠረት የለውም፤ ክላንግ-ፎርማት የሚቆጥረው ባይቱን ሳይሆን ፊደሉ በመስመሩ ላይ የሚይዘውን ዓምድ ነው።

«ነባር ፕሮጀክትን ፎርማት ማድረግ የለውጥ ታሪኩን ያጠፋል»

እያንዳንዱ መስመር በማን እና ለምን እንደተጻፈ መከታተል መቻል ትልቅ ሀብት ስለሆነ ስጋቱ ተገቢ ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 ከወጣው 2.23 እትም ጀምሮ የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚይዘው ጊት የተመረጡ ለውጦችን ዘልሎ የመስመሩን እውነተኛ ጸሐፊ ማሳየት ይችላል። የተቀየሩትን መስመሮች ብቻ ፎርማት ማድረግም ይቻላል። ይልቅ ችላ የሚባለው፣ ሁለት የተለያዩ የክላንግ-ፎርማት እትሞች አንዱን ፋይል በተለያየ መንገድ ሊያስተካክሉት መቻላቸው ነው፤ ስለዚህ አንድ ቡድን በአንድ እትም ላይ መስማማት አለበት።

«‹ደብሊው-ኦል› ማስጠንቀቂያዎችን ሁሉ ያበራል»

የዚህ የኮምፓይለር አማራጭ ስም «ሁሉም» ቢልም ሁሉንም አያበራም፤ የዚህ ስህተት ዋጋ ምን ያህል እንደሆነም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 ታይቷል። በአፕል የደኅንነት ኮድ ውስጥ፣ አንድ ድረ ገጽ በእርግጥ ያ ድረ ገጽ መሆኑን የሚያረጋግጠው ፈንክሽን «ጎቱ ፌይል» (ወደ «ፌይል» ክፍል ዝለል) የሚለውን ትእዛዝ በስህተት ሁለት ጊዜ ደግሞ ይዞ ነበር። የመጀመሪያው በ«ኢፍ» ሥር ነበር፤ ሁለተኛው ግን ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ የሚፈጸም በመሆኑ ከእርሱ በታች ያለው የፊርማ ማረጋገጫ ፈጽሞ ሳይነካ ይታለፍ ነበር። በመሆኑም በኔትወርኩ መካከል የገባ አጥቂ ራሱን እንደ ታመነ ድረ ገጽ አድርጎ ማቅረብ ይችል ነበር። ክላንግ ሊደረስበት ስለማይችል ኮድ የሚያስጠነቅቅ ምርመራ ነበረው፤ ይህ ምርመራ ግን በ«ደብሊው-ኦል» ውስጥ ስላልተካተተ ለብቻው መጠየቅ ነበረበት። ክላንግ-ፎርማትም ቢሆን ሁለተኛውን ትእዛዝ ከ«ኢፍ» ጋር እኩል ወደ ግራ ስቦ ያጋልጠው ነበር። በስማርትፎንና በኮምፒውተር የባንክ ሥራቸውን ይሠሩ የነበሩ ሰዎች በአንድ መስመር ምክንያት ያን ያህል መጋለጣቸው፣ የትኞቹ ማስጠንቀቂያዎች እንደበሩ ዝርዝሩን አንብቦ መወሰን ለምን እንደሚያስፈልግ ያሳያል።

«ክላንግ-ታይዲ ዝም ካለ ኮዱ ከስህተት ነጻ ነው»

የሂሳብ ሊቁ ሄንሪ ራይስ እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው ቲዎረም (በማስረጃ የተረጋገጠ የሂሳብ ድምዳሜ)፣ የፕሮግራምን ባህርይ በተመለከተ ለሚነሣ ማንኛውም ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ለሁሉም ፕሮግራሞች ትክክለኛ መልስ የሚሰጥ አጠቃላይ ዘዴ ሊኖር እንደማይችል ያረጋግጣል። ስለዚህ መርማሪ መሣሪያ አንዳንዱን ስህተት ያልፋል፤ አንዳንዴም ስህተት ያልሆነውን ስህተት ይላል፤ ሠሪዎቹ የሚመርጡት ወደ የትኛው እንደሚያዘነብል ነው።

ከዚህ የባሰው ግን በቀላሉ ሊታረም የሚችለው ዕውርነት ነው። ክላንግ-ታይዲ እንደ ክላንግ-ፎርማት ሳይሆን ሙሉውን የአገባብ ዛፍ (ኮምፓይለሩ ስለ ኮዱ አወቃቀርና ትርጉም የሚሠራውን ምስል) ይጠቀማል፤ ዛፉም የሚገነባው እያንዳንዱ ፋይል በምን ትእዛዝ እንደሚኮምፓይል በሚገልጸው የጄሶን ፋይል መሠረት ነው። ትእዛዙ ለሊኑክስ ከሆነ፣ በ«ኢፍዴፍ» ተከልሎ ለዊንዶውስ ብቻ የተጻፈው ኮድ በዛፉ ውስጥ የለም፤ ያልተመረመረውንም ኮድ መሣሪያው «አላየሁትም» ብሎ አይናገርም።

ምርመራዎቹን በሙሉ ማብራትም መፍትሔ አይሆንም። «ሞደርናይዝ» በተባለው ምድብ ውስጥ የመመለሻ ዓይነት በፈንክሽኑ መጨረሻ እንዲጻፍ የሚጠይቅ ምርመራ አለ፤ «ፉሺያ» በተባለው ምድብ ደግሞ ይህንኑ አጻጻፍ የሚከለክል አለ። ሁለቱን በአንድነት ማርካት አይቻልም።

«ስም መቀየር ማለት ፈልጎ መተካት ነው»፤ «መሣሪያው ከቀየረው የቀረ የለም»

የመጀመሪያው አመለካከት መሣሪያውን ያሳንሰዋል። በአሥር ክላሶች ውስጥ «ክፈት» የሚባል ፈንክሽን ቢኖር ጽሑፍ ፈላጊ አሥሩንም ይተካል፤ ክላንግዲ ግን እያንዳንዱ ጥሪ የየትኛው ክላስ እንደሆነ ስለሚያውቅ የተጠየቀውን ብቻ ይቀይራል። ጉግል የክላንግን የአገባብ ዛፍ ሥራን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ከሚያከፋፍለው ማፕሪዱስ ጋር በማጣመር እጅግ ግዙፍ በሆነው የሲ++ ኮዱ ላይ ለውጦችን በትይዩ የሚያካሂድበትን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2013 በጥናት ጽሑፍ አቅርቧል፤ ይህ በፍለጋና በመተካት የሚታሰብ ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው ግን ከልክ በላይ ያምነዋል። በጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሰ ስም፣ ማክሮ ክፍሎችን እያጣበቀ የሚፈጥረው ስም፣ በማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ የሰፈረ ስም እና ለሌላ ሥርዓተ ክወና ብቻ የሚኮምፓይል ኮድ በዛፉ ላይ ስለማይታዩ ሳይቀየሩ ይቀራሉ። ስለዚህ ስም ከተቀየረ በኋላ ፕሮጀክቱን ለሚደገፉት ሥርዓቶች ሁሉ እንደገና መኮምፓይል፣ ሙከራዎቹን ማስኬድ፣ በመጨረሻም አሮጌውን ስም በተራ ጽሑፍ ፍለጋ ማሰስ ያስፈልጋል።