ሥራ ሳልለቅ ፒኤችዲ ልማር? የሚባለውና እውነታው

በየጊዜው ስልክ ይደወልልኛል። ደዋዩ ማስተርሱን ከያዘ አምስት ስድስት ዓመት ሆኖታል። ደህና ሥራ አለው፣ ልጆች አሉት። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ሥራዬን ሳልለቅ ፒኤችዲ ብጀምር እችለዋለሁ?»

እኔ በጤናው ዘርፍ እየሠራሁ ጀምሬ 6 ዓመት ከመንፈቅ ፈጅቶብኛል። ስለዚህ ይቻላል። ግን ብዙ ሰው ሲወስን የሚነሣበት ሐሳብ ትክክል አይደለም። ደጋግሜ የምሰማውን አንድ በአንድ ላንሣ።

«ፒኤችዲ ከማስተርስ ቀጥሎ ያለው ክፍል ነው»

አይደለም። ማስተርስ ላይ መምህሩ ያስተምራል፣ ይፈትናል፣ ውጤት ይሰጣል። ፒኤችዲ ላይ ኮርስ ቢኖርም ቶሎ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ጥያቄ የምታወጡትም የምትመልሱትም እናንተ ናችሁ። የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ማለፍ በሩን ይከፍታል፤ ጥያቄ ግን አይሰጥም።

ስለዚህ ለሚደውልልኝ ሰው መጀመሪያ «ምን ልታጠና ነው?» እለዋለሁ። «እሱን ከገባሁ በኋላ አማካሪዬ ይሰጠኛል» ካለኝ፣ ትንሽ ቆይ ብዬ እመክረዋለሁ። ሥራ ላይ ያለ ሰው እኮ ሌላው ተማሪ የሌለው ሀብት አለው። በየቀኑ የሚያየው፣ መልስ ያላገኘለት ነገር አለ። እኔን ለዓመታት የቆረቆረኝ የክትባት ነገር ነበር። እናት ልጇን ለመጀመሪያው ፔንታ፣ ማለትም በሦስት ዙር ለሚሰጠው የሕፃናት ክትባት፣ ይዛ ትመጣለች፤ ሦስተኛው ላይ የለችም። ለምን? ሌሊት ከአልጋ ያስነሣኝ ይህ ጥያቄ ነው። «ዶክተር» ለመባል ብቻ ብጀምረው ኖሮ ሁለተኛው ዓመት ላይ እተወው ነበር።

«ማታ ማታና ቅዳሜ እሁድ ይበቃል»

እዚህ ላይ ቆየት ልበል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡ። ስዊድን ውስጥ ፒኤችዲ የ4 ዓመት የሙሉ ጊዜ ሥራ ተብሎ ነው የሚታሰበው። ግማሽ ጊዜ የሚሰጠው ሰው 8 ዓመት ይፈጅበታል ማለት ነው። እንግሊዝም በትርፍ ጊዜ ለሚማር ሰው 6 እና 7 ዓመት የተለመደ ነው። ግማሽ ጊዜ ማለት በሳምንት 20 ሰዓት ገደማ ነው።

አሁን ያንን 20 ሰዓት አዲስ አበባ ላይ እንፈልገው። ከቢሮ ወጥቼ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ቤት ስገባ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ራት አለ፣ የልጆች የቤት ሥራ አለ። 3 ሰዓት ላይ ወንበር ላይ ስቀመጥ ዓይኔ ይቃጠላል። ቅዳሜ ለቅሶ አለ። እሁድ ሰርግ ወይም ዕድር አለ። ለቅሶ የማይደርስ ሰው እኛ አገር ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ስዊድን ያለው ተማሪ ይህ ዕዳ የለበትም።

መጀመሪያው ዓመት ላይ ማታ ማታ ታገልኩ። ያነበብኩትን በማግስቱ አላስታውሰውም። በኋላ ነገሩን ገለበጥኩት። 3 ሰዓት ላይ መተኛት፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ መነሣት፣ እስከ 12 ሰዓት ተኩል መጻፍ። ማታ የደከመ ጭንቅላት ማጣቀሻ ማስተካከል ይችላል፣ የተቀዳ ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥም ይችላል፤ ማሰብ ግን አይችልም። ትንተናውን የሠራሁት ደግሞ ሌሊትም አልነበረም። የዓመት ፈቃዴን ሳልከፋፍል በአንድ ላይ ወስጄ ነው፣ ያውም ሁለት ዓመት በተከታታይ። እነዚያን ሁለት ዓመት ልጆቼ ሐዋሳ እንሂድ ብለው የጠየቁኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ለ3 ወር በሳምንት 15 ሰዓት ስለ ጥያቄያችሁ አንብቡ፣ ጻፉ። ሰዓቱን ደብተር ላይ መዝግቡ። 3 ወር መያዝ ካልቻላችሁ፣ ምዝገባው ሰዓት አይጨምርላችሁም። ከትዳር አጋራችሁ ጋርም በቁርጥ ተነጋገሩ። «ትደግፈኛለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ እምቢ የሚል የለም። «ማክሰኞና ሐሙስ ልጆቹን ማን ያስጠናል?» ስትሉ ነው እውነተኛው መልስ የሚመጣው።

«መሥሪያ ቤቴ ያግዘኛል፤ ዳታውም እጄ ላይ ነው»

የቃል ድጋፍ ከሰውዬው ጋር ይሄዳል። «አይዞሽ፣ እናግዝሻለን» ያሉኝ ኃላፊ ዓመት ሳይሞላቸው ተዛወሩ። በቦታቸው የመጡት ስለ ትምህርቴ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። በሳምንት ግማሽ ቀን እንኳ ቢሆን በደብዳቤ ይሁን። መሥሪያ ቤቱ ከፍሎ የሚያስተምር ከሆነ ደግሞ የአገልግሎት ግዴታ ውሉን አንብቡ። ስንት ዓመት ያስራል? ብትለቁ ምን ያህል ትመልሳላችሁ? ዋስ የሚሆነው ሰውም ይህን ማወቅ አለበት።

ዳታውስ? ለሥራ የተፈቀደላችሁ መረጃ ለምርምር ተፈቅዷል ማለት አይደለም። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማየት አለበት፣ የድጋፍ ደብዳቤም ያስፈልጋል። እኔ ዕለት ተዕለት የምሠራበትን መረጃ ለመጠቀም 5 ወር ጠብቄያለሁ። ከተፈቀደ በኋላ ስከፍተው ደግሞ ለሪፖርት ተብሎ የተሞላ ነው፤ ለእኔ ጥያቄ የሚያስፈልገው ዓምድ ግማሹ ባዶ ነበር።

«ሲያልቅ ደመወዝ ይጨምራል»

ዩኒቨርሲቲ ለሚያስተምር፣ አዎ። የረዳት ፕሮፌሰርነት ማዕረግ ከፒኤችዲ ጋር ይመጣል። በድርጅትና በግል ዘርፍ ግን ዋስትና የለውም። የምትመኙትን የሥራ መደብ ማስታወቂያ አውጥታችሁ እዩ። ማስተርስና ልምድ ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ መልሱ እዚያው አለ።

አሜሪካ ያሉ ነርስ ወገኖቻችንም ደጋግመው ይጠይቁኛል። እዚያ ለነርስ ሁለት ዓይነት ዶክትሬት አለ። ዲኤንፒ የሚባለው ለሙያ ሥራ ነው፤ ፒኤችዲው ለምርምር። ዲኤንፒን ሥራ ላይ ሆኖ መማር የተለመደ ነው፣ ብዙዎች ግን ከኪሳቸው ይከፍላሉ። ወጪው የተሸፈነ ፒኤችዲ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሙሉ ጊዜ ይፈልጋል። ሕመምተኛ አጠገብ መቆየት የምትፈልግ ነርስ ስሙን ብላ ፒኤችዲ ባትገባ ደስ ይለኛል።

«የርቀት ፒኤችዲ ሁሉ የወረቀት ነው»

ይህ ብዙ ሰው ያለ አግባብ የሚሰደብበት ነው። የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ከ1873 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ። ኔልሰን ማንዴላ በ1989 እ.ኤ.አ. የሕግ ዲግሪያቸውን ያገኙት ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ያኔም እስረኛ ነበሩ። አቃቂ ያለውን ማዕከሉን ተጠቅመው ሥራ ሳይለቁ የጨረሱ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ የተመረቁትም ለፍተው ነው። በሌላ በኩል በዓመት ከምናምን ዶክትሬት የሚሸጥ ድረ ገጽም ሞልቷል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ዲግሪው አቻ ግምት ያገኝ እንደሆነ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ጠይቁ።

ሳንድዊች የሚባለውን የፒኤችዲ ዓይነትም አትርሱ። ኔዘርላንድስ ያለው የዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ በዚህ ይታወቃል። መጀመሪያውና መጨረሻው እዚያ፣ የመስኩ ሥራ አገር ቤት። የጥናት መስካችሁ የምትሠሩበት ቦታ ከሆነ ይመቻል።

«ዕድሜዬ አልፏል»

አላለፈም። እኔ ስጀምር 38 ነበርኩ። ጉልበት ቢቀንስም ዘርፉን ታውቁታላችሁ፣ ማንን መጠየቅ እንዳለባችሁም ታውቃላችሁ።

«ጀምሮ ማቋረጥ ውርደት ነው»

የአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት ባደረገው ትልቅ ጥናት፣ ፒኤችዲ ከጀመሩት ውስጥ በ10 ዓመት የጨረሱት ከ100 ወደ 57 ገደማ ናቸው። የቀሩት ሰነፎች አይደሉም።

አብራኝ የጀመረች ጓደኛዬ ሦስተኛው ዓመት ላይ አቆመች። እናቷ ታመው ነበር፣ ሥራዋም ከብዷት ነበር። ለወራት ስልክ አላነሣችልኝም፤ አፍራ ነው። አሁን ቡድን መሪ ናት። ፕሮፖዛሏ ላይ ያዘጋጀችው መጠይቅ ተስተካክሎ ቢሮዋ የክትትል ቅጽ አድርጎ ይሠራበታል። ባለፈው ወር ያንን ቅጽ ይዛ ቤቴ መጣች፣ ቡና እየጠጣን አንድ በአንድ አየነው።