ነጭ ቀለም በቤት ውስጥ

ቀለም መሸጫ ገብቶ «ነጭ ስጡኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ጥርት ያለ ነጭ አለ፣ ኦፍ ዋይት አለ፣ ክሬም አለ። ልዩነቱ የሚመጣው ከትንሽ ማቅለሚያ ነው። ቢጫ ወይም ቡናማ ጠብ ያለበት ነጭ ሞቅ ይላል፤ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ያለበት ይቀዘቅዛል።

ዋናው ነገር ግን ብርሃን ነው። ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ የሚመጡ ምክሮች ሰሜን የሚያየውን ክፍል ሞቅ ባለ ነጭ ቀቡት ይላሉ። ለእነሱ ልክ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ነች። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ አካባቢ ፀሐይዋ ስድስት ሰዓት ላይ ጭራሽ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ስለዚህ እዚህ ይበልጥ የሚታየው የምሥራቅና የምዕራብ ጉዳይ ነው። ምሥራቅ የሚያይ ሳሎን ጠዋት ቦግ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ያው ግድግዳ አመድማ ይሆናል።

ብዙ ሰው ጨለም ያለ የኮንዶሚኒየም ክፍልን ጥርት ባለ ነጭ ለማድመቅ ይሞክራል። ነጭ ያገኘውን ብርሃን ይመልሳል እንጂ ከየትም አያመጣም። ብርሃን ከሌለ ግራጫ ሆኖ ይቀራል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ክፍል ክሬም ይሻላል ባይ ነኝ። አምፖልም አይረሳ። 6500 ኬልቪን የተጻፈበት አምፖል ነጩን ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል፣ 3000 የሚለው ወደ ቢጫ። ቀለሙን ካርቶን ላይ ሁለቴ ቀብቶ ከግድግዳ ግድግዳ እያዘዋወሩ፣ ጠዋትም ማታ መብራት ተበርቶም ማየት ከጸጸት ያድናል።

ነጭ ጉድ አይደብቅም። በተለይ የሚያብረቀርቀው፣ ከመስኮት በጎን የሚመጣ ብርሃን ሲያርፍበት፣ የስቱኮውን እብጠትና የጀሶውን ጭረት ሁሉ ያሳያል። የማያብረቀርቅ ፕላስቲክ ቀለም ለሳሎንና ለመኝታ ቤት የሚመረጠው ለዚህ ነው። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ደግሞ ወር ገደማ ካልደረቀ ቀለሙ ሊላጥ ይችላል። ለማእድ ቤት የዘይት ቀለም በጨርቅ ስለሚጠረግ ይመቻል፤ ግን ብርሃን በማያገኘው ቦታ፣ ለምሳሌ ከቁምሳጥን ጀርባ፣ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆናል። ቡና በየቀኑ የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ቤት ኮርኒሱም እንዲሁ ይጠቁራል።

ከፋብሪካ ቀለም በፊት ግድግዳ የሚነጣው በኖራ ነበር። ኖራ ርካሽ ነው፣ ሻጋታን ይቋቋማል፤ የተደገፈውን ሰው ልብስ ግን ነጭ ያደርጋል። በሌላው ዓለም ለረጅም ዘመን የነገሠው የእርሳስ ነጭ፣ ማለትም እርሳስ ከሚባለው ብረት የሚሠራ ማቅለሚያ፣ ነበር፤ በተለይ ለሕፃናት አእምሮ አደገኛ ነው። አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት በ1978 እ.ኤ.አ. ከለከለችው። ኢትዮጵያም በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች። ዛሬ ነጩን ነጭ የሚያደርገው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። ቀለሙን ውድ የሚያደርገውም በአብዛኛው እሱ ነው፤ ርካሹ ባልዲ ሦስት ጊዜ ተቀብቶም የድሮው ግድግዳ ከስር የሚታየው ብዙውን ጊዜ እሱ ስላነሰበት ነው።

አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም በአንድ ዙር 10 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ለአንድ ክፍል የሚበቃውን በአንዴ መግዛት ይመረጣል፤ ኋላ የሚጨመረው ነጭ ከመጀመሪያው ጋር ላይገጥም ይችላል። ከተረፈ ክዳኑን አጥብቆ ማስቀመጥ ነው፤ ማብሪያ ማጥፊያው አካባቢ የጣት እድፍ መታየቱ አይቀርም።