የድኅረ ምረቃ ኬሚስትሪ በጎንደር

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ የተከፈተው፣ የወባ ወረርሽኝ በደንቢያ ሜዳ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ ነው። በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ኬሚስትሪ በቴዎድሮስ ግቢ ይሰጣል። ከአካባቢ ችግር መነሣት የተቋሙ ውርስ ነው፤ የኬሚስትሪ ተመራማሪም ይህን ልማድ ቢከተል ይጠቀማል።

አመልካቹ ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ አለበት። ሁለተኛ ዲግሪ በአብዛኛው 2 ዓመት ይወስዳል፤ መጀመሪያ ኮርሶች፣ ከዚያ ምርምርና የመመረቂያ ጽሑፍ ይከተላሉ።

ለምርምር ርዕስ ጎንደር ሩቅ አያስኬድም። አንገረብና ሽንታ የከተማዋን ፍሳሽ ይዘው መገጭን ይቀላቀላሉ፣ መገጭ ደግሞ ጣና ይገባል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ሐይቁን ያስጨነቀው እንቦጭ የሚፋፋው በናይትሮጅንና በፎስፈረስ ነውና፣ ከወንዙ ላይና ታች በክረምትም በበጋም ናሙና ወስዶ መጠናቸውን መለካት ለአናሊቲካል ኬሚስትሪ (የንጥረ ነገሮችን ዓይነትና መጠን ለሚለካው ዘርፍ) ተማሪ የተሟላ ሥራ ነው። ፎስፈረስ በውኃ ውስጥ የሚገኝበት የፎስፌት ልኬት በተራ ስፔክትሮፎቶሜትር፣ ማለትም ናሙናው ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ በሚለካ መሣሪያ፣ ይሠራል። የመተማና የሁመራ ሰሊጥም አለ፤ የዘይቱ ጥራትና የፀረ ተባይ ቅሪቱ ገበሬውንም ላኪውንም ይነካል።

ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን (የካርቦን ውሁዶችን ጥናት) ለመረጠ ደግሞ ከእንዶድ የተሻለ አርአያ አላውቅም። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያ ተሸካሚዎች ናቸው፤ በሽታው በደንቢያና በጣና ዳርቻም የታወቀ ነው። ኋላ ከእንዶድ ፍሬ ሳፖኒኖች (እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጡ ውሁዶች) ተለይተው ወጡ፤ አንዱ በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። አንድ ተማሪ ኮሶን ወይም ግራዋን ሲመረምር የሚከተለው መንገድም ይኸው ነው፦ ተክሉን በባለሙያ ማስለየት፣ በጥላ ማድረቅ፣ መፍጨት፣ በአልኮል ማውጣት፣ በክሮማቶግራፊ (የተደባለቁ ውሁዶችን በሚነጥል ዘዴ) መለየት፣ በመጨረሻም የሞለኪውሉን ቅርጽ ማረጋገጥ።

የሚከብደው የመጨረሻው ነው። የሞለኪውል ቅርጽ የሚለየው ኤን ኤም አር (አተሞች በጠንካራ መግነጢስ ውስጥ የሚሰጡትን ምልክት የሚያነብ) እጅግ ውድ መሣሪያ በመሆኑ፣ ከክልል ዩኒቨርሲቲዎች ናሙና ወደ አዲስ አበባ መላክ የተለመደ ነው። ስለዚህ ፕሮፖዛል ከመጻፍ በፊት የትኛው መሣሪያ እንደሚሠራ ከአማካሪና ከቤተ ሙከራ ባለሙያ መጠየቅ ግዴታ ነው። ብዙ ኬሚካሎች በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ናቸውና፣ ትእዛዙ በመጀመሪያው ዓመት ቢገባ ይመረጣል።