ማካሊስ ምን ማለት ነው?

ማሪ ማካሊስ ከ1997 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. የአየርላንድ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ማካሊስ የባለቤታቸው ቤተሰብ ስም ነው። ብርቅ ስም ነው፤ ሥሩ ያለው በደሴቲቱ ሰሜን፣ በአንትሪምና በዴሪ አካባቢ ነው። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ትርጉም የለውም። በአይሪሽ፣ በአየርላንዶች የራሳቸው ቋንቋ፣ ሲጻፍ ግን «ማክ ጊላ ኢሳ» ይሆናል። ማክ ልጅ ነው፣ ጊላ አገልጋይ፣ ኢሳ ደግሞ ኢየሱስ። በእኛ አፍ የገብረ ኢየሱስ ልጅ ማለት ነው! መጀመሪያ ሳውቅ ደስ ብሎኝ ደጋግሜ ጠራሁት።

ልዩነቱ እኛ ጋ ስሙ ከአባት ወደ ልጅ ይሄድና ይቆማል። አየርላንዶች ግን የአያትን ስም ለዘር ሁሉ ማውረስ የጀመሩት ገና በ10ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ከአውሮፓ ቀደምቶቹ ናቸው።

ታዲያ «ጊላ» የት ገባች? እንግሊዞች አገሪቱን ሲያስተዳድሩ ጸሐፊዎቻቸው ስሙን በጆሯቸው እንደሰሙት መዘገቡት። ማክ እና ጊላ በፍጥነት ሲጠሩ የመጀመሪያው «ክ» የሁለተኛውን «ግ» ይውጠዋል። እንዲህ እያጠረ ማካሊስ ሆነ። የጸሎት ያህል የከበረ ስም በአንድ ብዕር ተዳፈነ። ያሳዝነኛል። ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው፦ ጊልሞር ገብረ ማርያም ነው፣ ኪልፓትሪክ የቅዱስ ፓትሪክ አገልጋይ።

አይሪሹ ሌላም ነገር ይናገራል። ወንዱ «ማክ» ሲባል በዚያ ቤት የተወለደች ሴት «ኒክ» ትባላለች፣ ያገባች ደግሞ «ቪክ»። ፕሬዚዳንቷ በአይሪሽ «ቪክ ጊላ ኢሳ» ናቸው። ስሙን በጋብቻ እንዳገኙት ከአንዷ ቃል ይታወቃል። እንግሊዝኛው ይህን ሁሉ ደምስሶታል።

ይህን ስም ይዞ ዘሩን የሚፈልግ ሰው መንገዱ አጭር አይደለም። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የሕዝብ ቆጠራ መዝገቦች አብዛኞቹ የሉም። ከፊሉ በመንግሥት ትእዛዝ ተደምስሷል፣ ከፊሉ በ1922 በደብሊን ቤተ መዛግብት ቃጠሎ ወድሟል። የ1901 እና የ1911 ቆጠራዎች ግን ተርፈዋል፤ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛሉ። ቅጹን የሚሞላው በአብዛኛው ራሱ አባወራው ነበር፤ አንዳንዱም በአይሪሽ ሞልቶታል። ስለዚህ ማካሊስ ብሎ መፈለግ ብቻ አይበቃም፤ ማክ ጊላ ኢሳም መሞከር አለበት።