ቲማቲሙን የሚያጠቁረው ትል አይደለም

የግብርና ባለሙያ መሆኔን ጎረቤት ካወቀ ወዲህ ከታች በኩል የጠቆረ ቲማቲም ወደ ቤቴ ሳይመጣ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ምን ልርጭበት?» ምንም!

ይህ ትልም ፈንገስም አይደለም፤ ፍሬው ካልሲየም አጥቶ ነው። ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚደርሰው ውሃ ተሸክሞት ሲሄድ ነው። ውሃውን አብዝቶ የሚስበው ደግሞ ፀሐይና ነፋስ የሚያገኘው ቅጠል ነው። አፈሩ ሲደርቅ ቅጠሉ ያለውን ይሻማል፤ ከግንዱ የራቀው የፍሬው ጫፍ ባዶውን ይቀርና ይሞታል፣ ይጠቁራል፣ እንደ ቁርበት ይደርቃል። እንደ ሮማ ባሉ ሾጠጥ ያሉ ዝርያዎች ይብሳል።

ባለፈው ሚያዝያ አንድ ጡረተኛ ጎረቤቴ አምስት ፍሬ በፌስታል ይዘው መጡ። ሦስት ጊዜ ፀረ ተባይ ረጭተዋል።

«ጋሼ፣ ትሉን አይተውታል?»

«ውስጥ ገብቶ ይሆናላ!»

አንዱን በቢላዋ ለሁለት ከፈልኩት። ቀዳዳ የለ፣ ኩስ የለ፣ ትል የለ። ጓሯቸው ስንሄድ መደቡ ተሰነጣጥቋል፤ ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ ብከትም እርጥበት አላገኘሁም። ለካ የቧንቧ ውሃ የሚያገኙት በአምስት ቀን አንዴ ነው፤ በመጣ ቀን መደቡን እንደ ሩዝ ማሳ ያጥለቀልቁትና እስከሚቀጥለው ፈረቃ ይረሱታል። ውሃውን በበርሜል አጠራቅመው በየሁለት ቀኑ ማለዳ እንዲያጠጡ፣ በሥሩ ዙሪያም አራት ጣት ያህል የጤፍ ገለባ እንዲጎዘጉዙ ነገርኳቸው። በርሜል የሌለው የሃይላንድ ክዳን በመርፌ በስቶ፣ ቂጡን ቆርጦ፣ ከሥሩ አጠገብ ዘቅዝቆ ይቅበረውና ይሙላው። የጠቆረው አይድንም፤ ይለቀም። እሳቸው ዘንድ ከዚያ በኋላ የያዘው ፍሬ ንጹሕ ሆኖ ቀላ።

የእንቁላል ቅርፊት የሚቀብሩም አሉ። ቅርፊቱ እስኪበሰብስ ቲማቲሙ ዘመኑን ይጨርሳል፤ ደግሞም ብዙ ጊዜ የጎደለው ካልሲየሙ ሳይሆን ተሸካሚው ውሃ ነው።

ከጎረቤት የምሰማው ሌላም አለ። «ዩሪያ ሲበዛ ፍሬ ይበዛል።» የሚበዛው ቅጠል ነው። መጥቆሩንም ያባብሰዋል።

«ቀትር ላይ ውሃ የነካው ቅጠል ይቃጠላል።» ተረት ነው። ቀትር ላይ የማናጠጣው ውሃው በትነት ስለሚባክን ነው።

«አበባው የሚረግፈው ማዳበሪያ አንሶት ነው።» እንደ ድሬዳዋ ባለ ቆላ በግንቦትና በሰኔ አበባውን የሚያራግፈው ሙቀቱ ነው። ቀኑ ከ35፣ ሌሊቱ ከ22 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ የአበባው ብናኝ ይመክናል፤ ከረጢት ሙሉ ማዳበሪያ ብትበትኑ አይመልሰውም። በመስከረም ችግኙን አፍሉና በጥቅምት ትከሉ፤ አበባው ቀዝቃዛዎቹን ወራት ያገኛል።

«እንዲቀላ ፀሐይ ያግኘው» ብለው ቅጠሉን የሚመለምሉትን ደግሞ መቀሱን ብቀማቸው ደስ ይለኛል። የተጋለጠ ፍሬ በአንድ ጎኑ ይነጣል፣ ይቃጠላል። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲበልጥ ቀዩ ቀለም በደንብ ስለማይሠራ ፍሬው ወደ ቢጫ ያደላል። ቅላት ሲጀምር ቀጥፋችሁ ጥላ ውስጥ አኑሩት፤ ይቀላል።

እውነተኛውን ትል ለሚፈልግ ቱታ አብሶሉታ አለች፤ ወደ አገራችን የገባችው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቅጠሉን በሁለቱ ገጽ መካከል ገብታ እየቦረቦረች መስኮት መስኮት ታስመስለዋለች፤ ፍሬውንም አብዛኛውን ጊዜ በአናቱ፣ በእንጥልጥሉ ሥር፣ የመርፌ ቀዳዳ በሚያክል ትበሳዋለች። እንዲህ ያለውን አምጡልኝ፤ ስለ መርጨት ያን ጊዜ እንነጋገራለን።